አባቴ ሰላምታ የለመደበት ዘመን

አባቴ ሰላምታ አይወድም ነበር። ሰው ይጠላ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የሰላምታችንን ርዝመት ነበር የማይወደው። የእኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ ተጠያይቆ ሲያበቃ፣ ምንም እንዳልጠየቀ ሁሉ እንደገና ከጤናው ይጀምራል። አባቴ ይህን ሁሉ በአንድ «እግዚአብሔር ይመስገን» ዘግቶ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርወር አድርጎ ያልፋል። ጎረቤት ለምዶት ስለነበር አይቀየመውም፤ ከኋላው ግን ያማዋል።

የአቋቋም መምህር ነበር። ካህናት በማሕሌት መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከበሮና ጸናጽል እየተከተሉ ሲያሸበሽቡ ዜማው በጉሮሮ ነው፣ ልኩ ግን በእግር ነው። በደብረ ታቦር ከተማ፣ ከዳገቱ አናት ባለው ደብራችን አባቴ ሲቆም እግሩ መሬቱን እንዴት እንደሚረግጥ ለማየት ብቻ ከጋፋት ወዲያ ካሉ አጥቢያዎች ሳይቀር የሚመጣ ሰው ነበር። ለስለስ አድርጎ ነው የሚረግጠው፤ መሬቱ የተኛ ይመስል፣ እንዳይቀሰቅሰው የሚጠነቀቅ ይመስል። ልጁ ስለሆንሁ አጋንኜ ይሆናል። የማይወዱትም እንዲሁ ይሉ ስለነበር ግን ብዙም ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ያ ሰው በጣሊያን ጊዜ፣ ጠላት ከተማችን ውስጥ ሰፍሮ እያለ፣ ድንገት ሰላምታ ጀመረ።

እኔ ያን ጊዜ ከባሌ ተጣልቼ ወደ አባቴ ቤት የተመለስሁ ሴት ነበርሁ። ሥራዬ እናቴን ማገዝና ጎረቤት ስለ እኔ የሚለውን አለመስማት ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ እኔን ትቶ አባቴን ማማት ሲጀምር፣ እውነቱን ልናገር፣ እፎይ አልሁ። ወሬው እንዲህ ነበር፤ መሪጌታ ወደ ደብሩ ሲወጡ ከቅቤ ነጋዴዋ በር ቆመው «እንደምን ሰነበታችሁ? ጊደሯስ ደኅና ናት?» አሉ። ቅቤ ነጋዴዋ ጊደር የላትም። ትንሽ አለፍ ብለው ከሾላው ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ዘንድ ቆሙ፤ የእያንዳንዳቸውን ቤት በየተራ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተገርመው መልሱን ሳያስተካክሉ መሪጌታ አልፈዋቸው ሄዱ።

«ትሕትና ወርዶላቸው ነው» አሉ አንዳንዶች። «ዘመኑ ነው ያለዘባቸው» አሉ ሌሎች። ቅቤ ነጋዴዋ ግን ከሁሉም ቁርጥ ያለ ሐሳብ ነበራት። «ሊሞቱ ነው፤ ሰው መሞቻው ሲደርስ ነው እንዲህ ጣፋጭ የሚሆን» አለች።

ከሁሉም የሚገርመው የግራ ጌታው ነገር ነው። ግራ ጌታ በማሕሌት ከአባቴ ፊት ለፊት፣ በግራው ወገን የሚቆሙ ሊቅ ነበሩ። አንድ ዝማሜ በየትኛው እግር ይጀመራል በሚል ክርክር ከአባቴ ጋር ከተኳረፉ ዘመን ሆኗቸው ነበር። በበዓል በበዓሉ ፊት ለፊት ቆመው አንድ ዜማ ይቀባበላሉ፤ ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ይሄዳል። የግራ ጌታ ቤት ደግሞ ዳገቱ ከሚበረታበት ላይ፣ መንገዱ ዳር ነበር። አባቴ አንድ ቀን እዚያ አጥር ጋር ቆመና «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?» አለ።

ግራ ጌታ ወጥተው ግራ ቀኙን አዩ። «እኔን ነው?» አሉ። «ሌላ ማን አለ?» አላቸው አባቴ፣ እንደ ልማዱ ቆጣ ብሎ። ሰውየው የአባቴን አንገት አቅፈው አለቀሱ። በዚያው ሳምንት አንድ ቅል ማር ላኩልን። እናቴ ማሩን ይዛ ተንበርክካ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ትሕትና አልነበረም። ሞትም አልነበረም። የግራ እግሩ ባት ነበር። ኋላ እንደተረዳነው፣ ጥቂት መንገድ ሲሄድ ባቱ ውስጥ አንዳች ነገር ጨምድዶ ይይዘዋል፤ መራመድ አይችልም። ጥቂት ሲቆም ይለቀዋል፤ ይሄዳል፤ እንደገና ይይዘዋል። ያለ ምክንያት መንገድ መሐል የሚገተር መሪጌታ ደግሞ መሳቂያ ነው። ስለዚህ እግሩ በያዘው ቁጥር ፊቱ ያገኘውን ሰው ሰላም ይላል፤ እግሩ ሲለቀው፣ ሰውየው መልሱን ቢጨርስም ባይጨርስም፣ ይሄዳል። ከግራ ጌታ ጋር የታረቀው እግሩ እዚያ አጥር ጋር ስለያዘው ነው።

እናቴ ስለ መንገዱ አታውቅም፤ ስለ መኝታው ግን ታውቅ ነበር። «ይህ የግራው እግር የእኔ ባል አይደለም፤ ከውጭ የገባ ድንጋይ ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር። በቀልድ ጀምራ በኋላ መቀለዱን ተወችው፤ እግሩ እሳት ዳር ውሎም አይሞቅምና።

ብርድ ነው ብለን ያገር ቤት ሰው የሚያደርገውን አደረግን። በቅሎ ተውሰን፣ በሐሙሲት በኩል አድርገን ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድነው። ሌላው ሰው እግሩን ነክሮ ወዲያው እየጮኸ ሲያወጣ፣ አባቴ የግራ እግሩን እንደነከረ ተቀምጦ «ለብ ያለ ነው፤ ይህን ነው እንዴ ፍል ውሃ የምትሉት?» ይል ነበር። እኛም የሊቅ ጽናት መስሎን አደነቅነው። ሲያወጣው ቆዳው ተልጦ ነበር። እግሩ ደም አጥቶ ደንዝዞ ኖሮ መቃጠሉን አልሰማውም። ከዚያ በኋላ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ጠቆሩ። ሕመሙም ባሰና መተኛት አቃተው፤ እግሩን ወደ ታች ካላንጠለጠለ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ያንጎላጅ ጀመር። ወጌሻው መጥቶ አየውና እጁን ሳያሳርፍበት ተነሥቶ ሄደ። ማሕሌት መቆም ቀረ። ተማሪዎቹ ቤት እየመጡ፣ እሱ ተቀምጦ በእጁ መዳፍ ጉልበቱን እየመታ የእግሩን ልክ ያሳያቸው ነበር። ያን ማየት ለእኔ ከጠቆረው ጣት የበለጠ ከባድ ነበር።

ጣሊያኖች ከሰፈራቸው አጠገብ ሐኪም ቤት ነበራቸው። እናቴ እንሂድ አለች።

«አገሬን በወሰደ ሰው እጅ ልዳን?» አለ አባቴ። «ካህን የገደለ እጅ ይንካኝ?»

«እግሩ የእግዚአብሔር ነው፤ እጁም የእግዚአብሔር ነው» አለች እናቴ። «የጠላት ልቡ ነው። ልቡን ማን ጠየቀው? እጁን ያበድሩን ነው የምንል። አንቱ እዚህ ቁጭ ብለው ከሞቱ ጣሊያን ምን ይጎዳል?»

አባቴ በክርክር ሲሸነፍ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን «በቅሎ ፈልጉ» አለ።

ሐኪሙ ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበር። ወታደሮቹ «ዶቶሬ» ይሉታል። አስተርጓሚው የሐማሴን ልጅ ነበር፤ አባቴን ሲያይ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ። ሐኪሙ አባቴን አስተኛና ሁለት ጣቱን እግሩ ጀርባ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ጎን፣ ከዚያ ከጉልበቱ ኋላ፣ ከዚያ ብሽሽቱ ላይ። በየቦታው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ዜማ የሚያዳምጥ ሰው ነበር የሚመስለው። አባቴም ይህን ሳያስተውል አልቀረም፤ መቆጣቱን ትቶ ትክ ብሎ ያየው ጀመር።

«ትምባሆ ያጨሳሉ ወይ ይላል» አለ አስተርጓሚው፣ እያፈረ።

አባቴ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ትምባሆ! እኔን? ይህ ሰው እኔን ማን አደረገኝ? መቋሚያዬን አምጭው!» እናቴ ትከሻውን ይዛ መልሳ አስተኛችው። አስተርጓሚው ደንግጦ ብዙ ነገር አስረዳ፤ ሐኪሙ እጁን አንሥቶ ይቅርታ የሚመስል ነገር አደረገ። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ አጫሾችን ይይዛል ነው ያለው። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ያን ጥያቄ ይቅር አላለም።

ቀጥሎ የጠየቀው ግን ቤተሰባችንን ገለበጠው። «ሲሄዱ ይይዝዎታል፣ ሲቆሙ ይለቅዎታል?»

አባቴ ጣሪያውን አየ። ሐኪሙ ደግሞ ጠየቀ። «አዎ» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ። «ሲይዘኝ እቆማለሁ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «የቅቤ ነጋዴዋ ጊደር!» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ይህን ሁሉ ወራት ብቻዎን? ለእኔ እንኳ?» እኔ የምገባበት ጠፋኝ፤ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ጠብ አድርጎ በጣቱ እየመራ አስረዳን። ደሙ የሚወርድበት ዋናው ቦይ ተደፍኗል። «ይህን መጥረግ አልችልም፤ የሚችል ወደፊት ይመጣ ይሆናል። ትንንሾቹ ቦዮች ግን አልተደፈኑም፤ ጨምድዶ የያዛቸው ጅማት አለ። ጅማቱ ያለው እግር ላይ አይደለም፤ ወገብ ውስጥ፣ አከርካሪው አጠገብ ነው። በጎን ገብቼ እሱን ብቆርጠው ትንንሾቹ ይከፈታሉ፤ ለእግሩ ደም ይደርሰው ይሆናል። የሞቱትን ሁለት ጣቶች አነሣለሁ። ይህ ካልሆነ እግሩን ከጉልበት በላይ መቁረጥ ነው።»

«እኔን እግሬን አመመኝ፤ እሱ ጎኔን ሊቀድ ነው» አለ አባቴ ለእናቴ። ቆይቶ ደግሞ፣ «የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የቦዩ ነገር ገብቶኛል። ንገረው፤ ይቅደድ» አለ አስተርጓሚውን። «ነገር ግን ድኜ ብሸፍትበትስ?»

አስተርጓሚው ይህንን ይተረጉመው አይተረጉመው ጨነቀው፤ መጨረሻ ላይ ተረጎመው። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «በዚህ እግር የሸፈተ ሰው በቶሎ ይያዛል በላቸው።»

እኔና እናቴ ከመስኮቱ ውጭ ቆምን። አፍንጫው ላይ ጨርቅ ሲያደርጉበት አባቴ ዜማ ጀመረ። የመድኃኒቱ ሽታ ከውጭ እኛን እንኳ ያዞር ነበር፤ እሱ ግን ቃል ሳይስት እያዜመ ሄደ። ሐኪሙ ቢላዋውን እንደያዘ ቆመ። «አሁንም ነቅተዋል?» ሳይል አልቀረም። አስተርጓሚው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄዶ አንድ ሐረግ መሐል ላይ ተቋረጠ። ሐኪሙ ከዚያም በኋላ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ጎንበስ አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ደብሩ አዙራ ነጠላዋን አጣፋች፤ እስኪያልቅ አልተቀመጠችም። እኔ ግን የዚያን ሰው እጅ አየሁ። አይቸኩልም፤ አይዘገይም፤ አንድም ትርፍ ነገር አያደርግም። ልጠላው ፈልጌ እጁን መጥላት አቃተኝ። አባቴ ማሕሌት ሲቆም ካልሆነ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ በጠላት እጅ ላይ ማየቴ ደግሞ አናደደኝ።

አባቴ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው እግሩን አልነበረም። «የት ላይ ነው ያቋረጥሁት?» አለ። አስተርጓሚው ነገረው፤ ለካ የዲቁና ትምህርት የጀመረ ሰው ኖሯል። አባቴም አፉ እየተንተባተበ ከዚያው ሐረግ ጀምሮ ጨረሰው።

እናቴ ግን ብርድ ልብሱን ገልጣ የግራ እግሩን ጨበጠች። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ከዚያ ሐኪሙን ቀና ብላ አይታ፣ በአማርኛ፣ እንደሚሰማት ሁሉ፣ «ሞቀ» አለችው። ትርጉም አላስፈለገውም፤ እሱም እጁን አምጥቶ ከእጇ አጠገብ እግሩ ላይ አሳረፈ። ሁለቱም ያንን እግር ሲጨብጡ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ሐኪሙ ሲያሰናብተን የራሱን የሱፍ ካልሲ ለአባቴ ሰጠው። ፍል ውሃ አጠገብ እንዳትደርስ አለ። ሕመሙ ጨርሶ አይጠፋም፤ ተራመድ፤ ሲይዝህ ቁም፤ ሲለቅህ ተራመድ፤ ይህ ነው መድኃኒቱ። «ይህንንማ ያለ እሱም አውቀው ነበር» አለ አባቴ። እናቴ «ለጠላት ይጸልያሉ እንግዲህ» ብላ ስትነካካው፣ «ለእጁ» አላት። ለእጁ እንደሚጸልይ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዛሬ የእግር ደም ሥር የሚከፍቱ፣ ከሌላ ቦታ ደም ሥር አምጥተው የሚቀጥሉ ሐኪሞች መጥተዋል ይባላል፤ ደስ ይለኛል። ያ ሰው ግን ይህ ሁሉ ባልነበረበት ዘመን የቻለውን አደረገ።

ቁስሉ ደረቀ፤ አባቴ ጋደም ብሎ መተኛት ጀመረ። ቤት ውስጥ፣ መቋሚያውን ተደግፎ፣ ለተማሪዎቹ ቆሞ ማስተማር ቻለ። ሆኖም ከበሩ አልወጣ አለ። ክረምቱ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ፤ የደብረ ታቦር በዓል ቀረበ። የከተማችን ስም የሆነ በዓል ነው፤ የዓመቱ ትልቁ ማሕሌት ነው። እናቴ ነጠላውን አጥባ አስቀመጠች። እሱ አላየውም።

«እግርዎ እኮ ድኗል» አለችው።

«መንገድ ላይ መያዙ አልቀረም።»

«ሲይዝዎ ይቆሙ። እንደ ድሮው ሰላም እያሉ።»

«አሁንማ አገር ሁሉ አውቋል!» ብሎ ጮኸ። «ብቆም እግሩ ያዘው ይሉኛል እንጂ ሰላምታዬን ማን ያምነዋል? ያ ግራ ጌታስ? አንገቴን አቅፎ ያለቀሰው! ያቆመኝ ባቴ እንደነበር ሲሰማ ምን ይላል? በምን ፊቴ በዚያ አጥር አልፋለሁ?» ድምፁ ተሰበረ። «የአቋቋም መምህር ነኝ፤ ደብሬ መድረስ አቃተኝ።»

አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በበቅሎ ይሂዱ ስለው፣ በቅሎ ላይ ሆኖ ማሕሌት የሚሄድ ድውይ እንጂ መሪጌታ አይደለም አለኝ። በዚህ በዓል ካልቆመ ዳግመኛ እንደማይቆም እሱም፣ እናቴም፣ እኔም እናውቅ ነበር።

እናቴ በማግስቱ ቅቤ ነጋዴዋ ዘንድ ሄዳ ጥቂት ተቀምጣ መጣች። ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም። «ለማንም እንዳትነግሪ ብያታለሁ» አለች ብቻ። በእኛ ሰፈር ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆም አለ። የልጆች ጅራፍ ከየጓሮው ይጮኻል። እናቴ ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። «እኔ ሄጃለሁ፤ ከመጡ ይምጡ» አለች። አባቴ አያት፤ ካልሲውን አጠለቀ፤ መቋሚያውን አነሣ። ምን እንዳስነሣው አላውቅም፤ ምናልባት የእሷ ጀርባ ነው።

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ከቤታችን ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አባቴ ዝግ አለ፤ ፊቱ ሲኮማተር አየሁት። ከመቆሙ በፊት ቅቤ ነጋዴዋ ከበሯ ወጥታ መንገዱን ዘጋችው። «መሪጌታ! ቆዩማ! እንደምን ከረሙ? ጊደሬን ሳይጠይቁኝ ሊያልፉ?» አለች። ጊደር አሁንም የላትም። አባቴ ቆመ። ስለሌለችው ጊደር ሆድ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ ነገረችው፤ ባቱ እስኪለቀው።

ወደ ሾላው ተጠጋን። ሽማግሌዎቹ ጭቃው ውስጥ ተነሥተው ቆመዋል። በሌላ ቀን በዚያ ጭቃ ከቤታቸው አይወጡም። አንድ በአንድ ጤናውን ጠየቁት፤ እሱ ቁሞ የእያንዳንዳቸውን ቤት ጠየቀ። በዚህ ጊዜ መልሱን ሁሉ ጨርሶ ሰማ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ አጥር ላይ፤ ከዚያ ወዲያ ሸማኔው፤ ሁሉም እግሩ የሚይዝበትን ቦታ ያውቁ ኖሯል። አንድም ሰው እግሩን አላየም። አንድም ሰው «አይዞዎት» አላለም። እንዴት አድርገው ወደዱት! ይህን ያህል እንደሚወደድ አላውቅም ነበር፤ ሲያሙት ነበር የምሰማው።

ዳገቱ በረታ። አባቴ የግራ ጌታን አጥር ሲያይ ወደ ሌላው ጎን ሊሻገር ፈለገ። እግሩ ግን እዚያው፣ እንደ ድሮው፣ ያዘው። ግራ ጌታ ለበዓል ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው አጥሩ ጋር ቆመው ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ መሪጌታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግራ ጌታ።»

«ቤትዎ ደኅና?»

«ደኅና።»

«ገብሱ? ባቄላው? በረዶው አልመታውም?» እያሉ የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ክረምቱን፣ ማሳውን፣ በሬዎቹን፣ ተማሪዎቹን ጠየቁ፤ ጨርሰው እንደገና ከጤናው ጀመሩ። አባቴ በየጥያቄው መለሰ፤ ድምፁ እየቀነሰ። በመጨረሻም አንገቱን ደፍቶ፣ ለማንም ሰው ብሎት የማያውቀውን ነገር ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ግራ ጌታ፣ ያን ጊዜም እግሬ ነበር። አሁን ለቆኛል። እንሂድ።»

ግራ ጌታ እጁን አልለቀቁም።

«ይቆዩ እንጂ» አሉ። «የላሟን ነገር ገና አልጠየቅሁም።»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ቆመ። ላሟ ወተት መቀነሷን፣ ክረምቱ እንዳልተስማማት፣ ጥጃዋ ግን ደኅና እንደሆነች፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። እናቴ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ከላይ የዋዜማው ደወል ተደወለ፤ ሁለቱ ሊቃውንት እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቀሪዋን ዳገት ወጡ።